የላይኛው ኩርባ

ሽማግሌው መጀመሪያ የመጡ ቀን ፎቶግራፎቻቸውን ጥለውልኝ ለመሄድ እምቢ አሉ። በስደት በምኖርባት ከተማ፣ ቬስትኤንድ በሚባለው ሰፈር ባለች ትንሽ ማተሚያ ቤት የመጽሐፍ ገጽ አዘጋጅ ነበርኩ፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። እሳቸው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። አባል የሆኑበት የበረዶ ሸርተቴ ክበብ አልፕስ ተራሮች ላይ የራሱ የውድድር ቁልቁለት ነበረው። የዚያን ቁልቁለት ታሪክ ጽፈው ለክበቡ በዓል ሊያሳትሙ ነው።

«ፎቶግራፎቹ ከዓይኔ አይርቁም» አሉኝ። «የቀጠሮ ቀን፣ ቴርሚን ይስጡኝና እየመጣሁ አጠገብዎ እቀመጣለሁ።»

ጥቁር ስለሆንኩ አላመኑኝም ብዬ በልቤ ያዝኩባቸው። ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣሉ፤ ኮታቸውን ሳያወልቁ ቁጭ ብለው እጄን ሲያዩ ይውላሉ።

ጽሑፋቸው ግን ጥሩ ነበር። ጫካው እንዴት በመጋዝ እንደተመነጠረ፣ ገበሬዎቹ ስለ ግጦሻቸው እንዴት እንደተከራከሩ፣ የጥንቶቹ ተወዳዳሪዎች ስኪያቸውን፣ የሚንሸራተቱባቸውን ረጃጅም ጣውላዎች፣ ተሸክመው ግማሽ ቀን ወጥተው በጥቂት ደቂቃ እንዴት እንደሚወርዱ ጽፈዋል። ስኪ እግሬ ላይ አስሬ የማላውቀው ሰው መንገዱን በቃሌ ያዝኩት፤ መነሻው፣ ጠባቡ የጥድ መተላለፊያ፣ የላይኛው ኩርባ፣ ድልድዩ፣ መድረሻው።

አራተኛው ማክሰኞ ላይ አንድ ፎቶግራፍ እጄ ገባ። ደረቱ ላይ ቁጥር ያሰረ ወጣት ይስቃል። የፎቶው ግራ ጎን በመቀስ ተቆርጧል፤ ወጣቱ ትከሻ ላይ ግን የሌላ ሰው አራት ጣቶች ቀርተዋል።

ይህን ሥራ አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ሳለሁ ባለሥልጣን በወደቀ ቁጥር መልኩን ከፎቶ ላይ የማወጣው እኔ ነበርኩ። እዚህ አገር ከፎቶ የሚቆረጠው ምን ያለ ሰው እንደሆነ ለመገመት ጊዜ አልፈጀብኝም። ጽሑፉን መልሼ ሳየው ደግሞ ከዓለም ጦርነቱ በፊት ካሉት ዓመታት አንዱ ተዘሏል። የሌሎቹ ዓመታት አሸናፊ ሁሉ ተጽፎ ሳለ የዚያ ዓመት ውድድር የለም።

ኒድ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ፣ እንደ ታላቅ ወንድም የማያቸው ኤርትራዊ ወዳጅ ነበሩኝ። ሄጄ ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ሰውየው የሚደብቁት ነገር አለ። የቆረጡት የናዚ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ነው፤ ምናልባትም ራሳቸውን።»

«ጠርጥር፣ ከገንፎም ይኖራል ስንጥር ብለው አስተምረውናል» አሉ። «ግን ስንጥሩን ሳታይ ገንፎውን አትድፋ። ጠይቃቸው።»

በሚቀጥለው ማክሰኞ ፎቶውን ፊታቸው አስቀመጥኩ።

«ይኼ ተቆርጧል። ማን ነበር?»

«ማንም አይደለም። የተበላሸ ጠርዝ ነው።»

«ጠርዙ ጣት አለው።»

ፎቶግራፎቹን አንድ በአንድ ሰብስበው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ወጡ። እኔም መሸሻቸውን እንደ እምነት ቃል ቆጠርኩት።

ሁለት ሳምንት ቆይተው ተመለሱ። ያን ቀን ኮታቸውን አወለቁ።

«የቆረጡት እናቴ ናቸው» አሉ። «የሚስቀው ታናሽ ወንድሜ ነው። ጣቶቹ የእኔ ናቸው።»

የዚያን ዓመት ውድድር ተወዳዳሪዎቹ የሚዞሩባቸውን እንጨቶች እንዲተክሉ የተመደቡት እሳቸው ነበሩ። የላይኛው ኩርባ ላይ እንጨቶቹን ወደ ጥዶቹ አስጠግተው፣ መዞሪያውን አጥብበው ተከሉ። «ወንድሜ ሁልጊዜ ያሸንፍ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ፍጥነቱ እንዲቀንስ ፈለግሁ» አሉ። ወንድማቸው ከጥድ ጋር ተጋጭቶ በዚያው ቀን ሞተ።

አላመንኳቸውም። ትልቁን ለመሸፈን ትንሹን የሚናዘዝ ሰው በአገሬ አይቻለሁ። «ማስረጃ አለዎት?» አልኩና ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አፈርኩ። እሳቸው አልተቀየሙም። ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ቢጫ የጋዜጣ ቁራጭ አውጥተው ሰጡኝ። የሟቹም፣ እንጨት የተከለውም ስም አለበት፤ ሁለቱም የቤተሰብ ስማቸው አንድ ነው።

«ይጻፉት» አልኳቸው።

እሳቸው እየተናገሩ እኔ በመጻፊያው ማሽን መታሁት። ስድስት ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ከሰዓት በኋላው ሁሉ አለቀበት።

ረቂቁን ያዩት የክበቡ ሊቀ መንበር ደውለው አንቀጹ ይውጣ አሉ፤ በዓል እንጂ ለቅሶ አይደለም ብለው። ሽማግሌው «እንግዲያው መጽሐፉን እወስዳለሁ» ሲሏቸው ተዉት። ፎቶውም እንደተቆረጠ፣ ከነጣቶቹ፣ ሙሉ ገጽ ይዞ ታተመ። በበዓሉ ዕለት አንዳንዶቹ ሰላም ሳይሏቸው እንዳለፉ፣ በልጅነታቸው ያን ውድድር ቆመው ያዩ አንዲት አሮጊት ግን መጥተው አጠገባቸው እንደተቀመጡ በኋላ ነገሩኝ።

በሰኔ ቁልቁለቱን ሊያሳዩኝ በመኪናቸው ወሰዱኝ። በረዶ የለም፤ ላሞች ይግጡበታል። ጉልበታቸው እምቢ ስላላቸው ከታች ቀሩና ብቻዬን ወጣሁ። የላይኛው ኩርባ ስደርስ ከመንገዱ እስከ ጥዶቹ ያለውን በእርምጃ ስለካ ራሴን ያዝኩት። እዚያም ድረስ ወጥቼ ቃላቸውን እያጣራሁ ነበር። ስድስት እርምጃ እንኳ አልሞላም።

ስወርድ «ጠባብ ነው?» አሉኝ።

«ሰፊ ነው። እንዲያም ሆኖ ማንም ሊወድቅበት ይችላል።»

ፊቴን አዩት።

«ይዋሻሉ» አሉና መኪናውን አስነሱ።