ብረት በእሳት ይለፍ

እርጥብ የቡና እንጨት ከነቅጠሉ ሲቃጠል የሚወጣው መራራ ሽታ ዛሬም ድንገት ሲሸተኝ፣ አዘና ካለው ቤታችን ጓሮ፣ ከዋንዛዎቹ ጥላ ስር ወስዶ ከአባቴ ቡና መካከል ያቆመኛል። አባቴ ቡናውን የተከለው እኔ በተወለድሁበት ዓመት ስለነበር፣ «እኩዮችሽ ቁመት ጨመሩ፣ አንቺ ቀረሽ» እያለ ያበሽቀኝ ነበር፤ የቤታችን ጨውም ልብስም የሚገኘው ከእነዚሁ እኩዮቼ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ክረምት፣ ዝናቡ ሳይጎድል፣ አንዱ ዛፍ በአንድ ጎኑ ብቻ ጠወለገ። ጎረቤቱ ሁሉ «ዓይን ነው» አለ፤ እናቴም ጠዋት ጠዋት ጸበል ትረጨው ነበር። ነሐሴ ላይ ሁለተኛው ተከተለ።

መስከረም ሲጠባ የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ጥሩዬ፣ ከጫግኒ መጣች። የእሷም ቡና በሙሉ እንዳለቀባት ሰምተን ነበር፤ እንዴት እንዳለቀ ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ከታመሙት ዛፎች ከአንዱ ስር ተንበርክካ ልጡን በቢላዋዋ ላጥ ስታደርገው፣ ውስጡ እንደ ጥላሸት ጠቁሮ ታየ። በየቀኑ የምደገፈው ግንድ ይህን ሁሉ ደብቆ መቆሙ አስደንቆኝ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። «ይኸ ዓይን አይደለም፤ በብረት እየተጫነ ከዛፍ ዛፍ የሚሄድ በሽታ ነው» አለች። ሁለቱን ዛፎች ከነሥራቸው አስነቅላ፣ የረገፈ ቅጠላቸውን ጨምራ እዚያው በበቀሉበት አስቃጠለቻቸው፤ እናቴ ለማገዶ ያነሳችውን ቅርንጫፍ እንኳ ከእጇ ነጠቀቻት።

በማግስቱ ከቡናው ስር ሣርና ሐረጉን የሚመነጥር ደቦ ተጠርቶ ነበር። ጎረቤቱ ማጭድና ገጀራውን ይዞ ሲደርስ፣ አክስቴ በሩ ላይ እሳት አንድዳ ብረት ሁሉ በነበልባል እንዲያልፍ ጠየቀች። «ዓይን በላው» ሲባል በከረመ ጓሮ በር ላይ ይህን መጠየቅ፣ ሰውን ፊት ለፊት ቡዳ ከማለት አይሻልም ነበር።

የደቦው ታላቅ አያ ደረሰ ፊታቸው ተለወጠ። «ቡናችሁን የበላሁት እኔ ነኝ በያ!» አሉና ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ዞሩ።

«ኧረ እታለም፣ ከሰው አታጣይኝ» አለ አባቴ። እሳቸው ከሄዱ ደቦው ይበተናል፣ ጉርብትናውም ያበቃል፤ ብረቱ እንዲሁ ከገባ ደግሞ ቡናችን ያልቃል። እኔም ጨንቆኝ ማልቀስ ጀመርሁ።

አክስቴ ቢላዋዋን ከመቀነቷ መዝዛ ነበልባሉ ውስጥ አሳለፈችው። «አያ ደረሰ፣ እርስዎን አላማሁም። የእኔን ቡና የፈጀው ይኸ ነው። የታመመውን በቆረጥሁበት ደህናውን እየቆረጥሁ፣ ሁሉንም የገደልሁት እኔው ነኝ» አለች።

አያ ደረሰ ተመልሰው፣ «እንግዲያው ስለቱን እንዳታጠፊብኝ» ብለው ማጭዳቸውን አቀበሏት፤ ሌላውም ከኋላቸው ተሰለፈ። ከዚያ በኋላ አንድ ዛፍ ብቻ ደረቀብን፤ የቀሩት ተረፉ።

በቅርቡ አንድ የግብርና ባለሙያ በሽታውን የሚያመጣው ፈንገስ የሚባል ነገር እንደሆነ፣ መሣሪያ ባቆሰለው ልጥ በኩልም እንደሚገባ አስረድቶኛል። ያኔ ያስደነቀኝ አክስቴ የዛፍ ሆድ ማወቋ ነበር። ዛሬ፣ የያኔ ዕድሜዋን ካለፍሁ በኋላ፣ የሚያስደንቀኝ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «እኔው ነኝ» ማለቷ ነው። እኔ ይህችን ቃል ለገዛ ልጆቼ እንኳ ገና አላልኋትም።