የዘኬዎስ የተኩላ ዓሣ ቦታ

ባሌ ዘኬዎስ እንደ መጽሐፉ ዘኬዎስ አጭር ነው። ያኛው ግን ዛፍ ላይ ወጥቶ ጌታን አየ፤ የኔው ዛፍ በሌለበት አገር ተወልዶ፣ አፍንጫው ሥር ያለውን እንኳ ሳያይ ስልሳ ዓመት ደፈነ። ዓሣ አጥማጅ ነው። እዚህ መንደር ማን ያልሆነ አለ? ቄሱም ስብከቱን ጨርሶ መንጠቆ ይጥላል። ዘኬዎስን የሚለየው የራሱ ቦታ ያለው መሆኑ ነው።

ቦታው ባሕሩ ወደ ምድር በገባበት ወሽመጥ ውስጥ ነው። ከታች ትልቅ ድንጋይ አለ፤ ድንጋዩ ላይ ዛጎልና እሾሃሙ የባሕር ጃርት ይለጠፋል፣ እሱን ሊቆረጥም የተኩላ ዓሣ ይመጣል። የተኩላ ዓሣ መልኩ ከዘኬዎስ የጠዋት ፊት ብዙ አይርቅም፤ ሥጋው ግን ነጭ ነው፣ ጣት ያስቆረጥማል። ቦታውን ያሳየው አባቱ ኡሎሪያክ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና እሱም ደረቅ ነበር። ምልክቱን በልጁ ጆሮ ሹክ አለና «ለሚስትህም እንዳትነግር» ብሎ ሞተ። ይኸው አልነገረኝም። ልጅ ወልጄለት፣ የውስጥ ሱሪውን እያጠብኩለት፣ አንድ ድንጋይ የት እንዳለ አላምንሽም አለኝ።

እኛ ዘንድ የሰው ቦታ የሰው ነው። አንዱ መንጠቆ የተደረደረበትን ገመዱን ሲጥል ያየ ወንድ ጀልባውን ያዞራል፣ ፊቱን ወደ ሌላ ያደርጋል፣ ያልፋል። ማየት ነውር ነው። የሰው ሚስት ስትታጠብ እንደማየት ነው፤ እንዲያውም በሚስት በኩል ብዙዎቹ ያን ያህል አይጠነቀቁም።

ታዲያ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የዘኬዎስ መንጠቆ ጭቃ ያመጣ ጀመር። መጀመሪያ ዓሣው ቀነሰ፣ ቀጥሎ የባሕር ጃርቱ ጠፋ፣ በኋላ ገመዱ ሲሳብ ግራጫ ደለል ብቻ ሆነ። ይህ የሁሉም ችግር ነው። ከወሽመጡ መጨረሻ ያለው የበረዶ ግግር ከሆዱ ሥር ድንጋይ ሲፈጭ የኖረ ወፍጮ ነው፤ አሁን ሙቀቱ ሲበረታበት ዱቄቱን ከነውሃው ባሕር ላይ ይደፋዋል። በበጋ ወሽመጡ ወተት ይመስላል። ያ ሁሉ ይሰምጥና ከታች ያለውን ፍጥረት ይቀብረዋል። ዘኬዎስም ያውቃል። ግን በረዶን ቢሰድቡት አይከፋው፣ ቢጣሉት አይጣላ። ስለዚህ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አለና ወንድሜን ላርሴራክን ያዘ፤ ጥፋቱ የላርሴራክ ጀልባ ከኛ ጀልባ ጎን መታሰሯ ነው።

የገና ዕለት፣ ሁላችን ገበታ ላይ እንዳለን፣ ዘኬዎስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቦታዬ ላይ ሌባ ገብቷል» አለ። «ድንጋዩን ልጦ አራቁቶታል። ሌባውም ይኸው አሁን አጋዘኔን እየበላ ነው።»

ላርሴራክ ቢላዋውን በሱሪው ጠረገ፣ ጫማውን አጠለቀ፣ ወጣ። የጎረሳትን እንኳ አልዋጣትም፤ ደጅ ላይ ለውሾቹ ተፋት።

ከዚያ ወዲህ ቤቴን ረግጦ አያውቅም። የገዛ ወንድሜን ሱቅ ውስጥ፣ በመደርደሪያ መካከል፣ እንደ ውሽማ ተሸሽጌ ነው የማገኘው። «እንዴት ነሽ?» ይለኛል የአተር ቆርቆሮ እያየ። «ደኅና» እለዋለሁ ሳሙና እያገላበጥኩ። ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ታዲያ፣ ያንኑ አተር እያየ፣ «ጉልበቴ አልታዘዝ ብሏል፤ ልጄ ወደ ትልቁ ከተማ ወደ ኑክ ና ብሎኛል። በሚመጣው መርከብ እሄዳለሁ» አለኝ። በአተሩ ቆርቆሮ ራሱን ልለው ምንም አልቀረኝ። ወንድሜ ገበታዬ ላይ አንድ ጊዜ ሳይበላ ከሄደ ተመልሶ የማይመጣ ሰው ነው፤ ሽማግሌ ኑክ ሄዶ ሲመለስ አላየንም።

ለዘኬዎስ ነገርኩት። ለመንኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። በዚህ ምድር ላይ እሱን የምታዝዘው አንዲት ሰው ልጃችን ናት። አያቷ ኡሎሪያክ በሞተ በወሩ ተወለደችና ስሙን ወሰደች፤ እኛ ዘንድ ስም ብቻውን አይመጣም፣ ከነባለቤቱ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ዘኬዎስ ገና ከጡቴ ሳትወርድ ጀምሮ «አባዬ» ይላታል፣ እሷም አፏን ከፈታች ወዲህ «ልጄ» ትለዋለች። አሁን ትልቅ ሴት ናት፣ ከሱ በጭንቅላት ትረዝማለች። ለእረፍት ስትመጣ ጓዟን ሳታወርድ ሁሉንም ነገርኳት።

«ልጄ» አለችው ወጥ ቤት ገብታ፣ «ቁጭ በል።»

ተቀመጠ።

«ያን ቦታ የሰጠሁህ እኔ ነኝ?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«እስቲ ምልክቱን መልሰህ ንገረኝ። በትክክል መያዝህን ልየው።»

«እናትሽ እኮ ትሰማለች።»

«ትስማ። ገንዛ ቀብራኛለች፤ ከዚህ በላይ ምን ታመጣለች?»

ዘኬዎስን ላብ አጠመቀው። ዓይኑን ጨፈነና እንደ አባታችን ሆይ ጸሎት ወረደው፤ «ቁራ ድንጋዩን ከኋላህ አድርግ። ቀጥ ብለህ ወደ ውስጥ ንዳ። የበረዶው ከንፈር ከቀዩ ገደል ጀርባ ብቅ ሲል፣ እዚያው ገመዱን ጣል።»

ድንች እየላጥኩ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

«የበረዶው ከንፈር?» አልኩት።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ስንጋባ በረዶው ቀዩን ገደል ተደግፎ ነበር። አሁን እሱን ለማየት ትርፍ ነዳጅ ይዞ መሄድ ነው።»

«ታዲያ ብቅ እስኪል እነዳለኋ። በየዓመቱ ትንሽ ራቅ ይላል።»

«በረዶው ወደ ኋላ እየሸሸ፣ አንተም እየተከተልከው? ትናንት በረዶ የተኛበት፣ አንድ ዛጎል እንኳ ገና ያልገባበት ጭቃ ላይ ነው እንዴ መንጠቆ ስትጥል የኖርከው? ወንድሜን ሌባ ያልከው በዚህ ነው?»

አፉን ከፈተ፣ ዘጋው። ያኔ የእውነት የተኩላ ዓሣ መሰለ። ኡሎሪያክ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ ከዚያ ግን እጁን ያዘችው። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ» አለችው። «በረዶ ባለበት የሚቆይ መስሎኝ ነበር።»

ትክክለኛውን ቦታ እኔ አውቀዋለሁ። አማቴ በሕይወት ሳለ እኛን ሴቶቹን የዱር ፍሬ እንድንለቅም፣ ድሮ የድንኳን ጠርዝ ይጫንባቸው የነበሩት አሮጌዎቹ የድንኳን ድንጋዮች ዘንድ ያወርደንና ከፊት ለፊታችን ገመዱን ይጥል ነበር። ፊት ማዞር የወንዶች ደንብ ነው፤ እኛ አፍጥጠን እያየን ነው የምንለቅመው። ይህን ስነግረው ዘኬዎስ አባቱ ከመቃብር ተነስቶ የካደው ያህል አየኝ።

በማግስቱ ሦስታችን ሄድን። የድንኳን ድንጋዮቹ ትይዩ ስንደርስ ዘኬዎስ ሠርገኛ መስሎ ነበር፤ «አሁን ታያላችሁ» እያለ ገመዱን ጣለ፣ ጠብቆ ሳበ። የመጀመሪያዎቹ መንጠቆዎች ባዶ መጡ። ቀጥሎ ከነሥሩ የተነቀለ የባሕር አረም መጣ፤ ከግግሩ ተገንጥሎ ያለፈ የበረዶ ተራራ ታቹን አርሶት ሄዷል። ቀጥሎ አፉን የከፈተ ዛጎል፤ ውስጡ ሥጋ የለም፣ ደለል ሞልቶታል። ቀጥሎ እሾሁ የረገፈ የባሕር ጃርት። ዘኬዎስ እያንዳንዱን እያገላበጠ ያይና በቀስታ ውሃው ላይ ይመልሰዋል።

«እዚህም?» አለ።

ገመዱ ሊያልቅ ሲል አንዲት የተኩላ ዓሣ መጣች፤ ከሲታ፣ ራስ ብቻ። ለዚያች ቀን ያዘጋጀሁት ስድብ ብዙ ነበር፤ ከሲታዋን እንደ ሕፃን ሲያቅፋት ሳይ ግን አንጀቴን በላውና ዋጥኩት። «ይህችን ለላርሴራክ ትወስዳለህ» አልኩት ብቻ።

ራሱ ወሰዳት። እኔ ደጅ ቀረሁ፤ በሩ ግን ክፍት ነበር። ላርሴራክ ዕቃውን እያሰረ ነው።

«ዓሣ ይዤ መጣሁ» አለ ዘኬዎስ።

«አያለሁ።»

«ከድሮው ቦታዬ ናት። ስፈልግ የኖርኩት ሌላ ቦታ ነው። በረዶውን ተከትዬ።» ዓሣዋን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ። «አንተ ታልፍ ነበር አይደል? ያን ያህል ወደ ውስጥ ስገባ አላየኸኝም?»

«ጀልባህን ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞር ነበር።»

«አንድ ቀን እንኳ ሳታይ?»

«የሰው ቦታ ነዋ» አለ ወንድሜ። «ባይህማ ኖሮ፣ እዚያ ጭቃ ላይ ምን ትሠራለህ ብዬ እጠይቅህ ነበር።»

ዘኬዎስ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ። ዓሣዋ ከእጁ ላይ ውሃ ታንጠባጥባለች። ከዚያ ለኔ በስንት ዘመን ያልነገረኝን፣ ለሰው ይነግራል ብዬ ያላሰብኩትን፣ «ቁራ ድንጋዩን ከኋላህ አድርግ» ብሎ ጀመረለት።

ላርሴራክ ሁለት ጣቶቹን ጆሮው ውስጥ ከተተ። «ተው፣ ተው፣ አትንገረኝ» አለው። «ኋላ ሌባ ትለኛለህ።»

ያን ማታ ወንድሜ እድሮው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ዓሣዋን ከድንች ጋር ቀቀልኳት፤ ራሷን ለሱ አወጣሁለት። ሦስታችንም አፉን እያየን ጎረሰ፣ አላመጠ፣ ዋጠ።

«ጭቃ ጭቃ ይላል» አለ።

ዘኬዎስ አንገቱን ደፋ። ላርሴራክ ሳህኑን ወደኔ ገፋ አደረገና «ጨምሪልኝ» አለኝ።