ድምፅ እስኪቆጠር የተያዘ መርዶ

ፖለቲካ ውስጥ የከተተኝ ወንድሜ ነው። ያኔ የነርስ ረዳት ነበርኩ፤ ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ሳገላብጥ ውዬ ኒው ሆፕ ከተማ ያለው ቤቴ ስገባ ደግሞ አፌ አያርፍም። በጥር ብርድ የአፓርትመንታችን ማሞቂያ ተበላሽቶ አከራዩ ዛሬ ነገ ሲለን፣ «እኔ ላይ ከምትጮሂ ሄደሽ ማዘጋጃ ቤት ጩኺ» አለኝ ወንድሜ። ሄጄ ጮኽኩ። ኋላ ተወዳድሬ የከተማው ምክር ቤት ስገባ ከእኔ ይልቅ እሱ ተንቀባረረ፤ ቡርንስቪል ከተማ የሚነዳው ታክሲ ውስጥ የገባውን ሁሉ «እህቴ ባለሥልጣን ናት» እያለ ያደነቁረው ነበር። ምን ባለሥልጣን አለ፣ ሥራዬ በረዶ ጠረጋና የፍሳሽ ቱቦ ነው።

ለስቴቱ ምክር ቤት ተወዳደሪ ብሎ የነዘነዘኝም እሱ ነው። እጩው የሚለየው በፓርቲው ጉባኤ ነው፤ ተወካዮቹ አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ይሰበሰቡና አሸናፊ እስኪገኝ ደጋግመው ይመርጣሉ። አቋርጦ የወጣ ድምፁ ቀረ። የእኛ አገር ሰዎች፣ የቤተ ክርስቲያኑም የመስጊዱም፣ ላይወጡ ቃል ገብተውልኛል። መድረክ ላይ ወጥቶ የሚያስተዋውቀኝ ደግሞ ወንድሜ ነው፤ ለዚያ ቀን ብሎ አዲስ ሱፍ ገዝቷል።

በዕለቱ ቀረ። ብደውል ስልኩ ዝግ ነው። የምርጫ ዘመቻዬን የምትመራው ጎረቤቴ፣ እትዬ የምላት፣ «መኪናው ተበላሽቶበት ነው፤ አንቺ ዝም ብለሽ ግቢ» አለችኝ። ነደድኩ። እንዲህ ባለ ቀን! ተራዬ ሲደርስ ወጣሁና፣ «የሚያስተዋውቀኝ ወንድሜ ነበር፤ እንቅልፍ ስለበለጠበት ራሴው ላስተዋውቅ» አልኩ በእንግሊዝኛ። ፈረንጆቹ ሳቁ። የእኛዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። ጨንቋቸው ነው ብዬ አለፍኩት።

ምርጫው ተደጋግሞ ከሰዓት በኋላ አሸነፍኩ። እልል የሚል ጠፋ። ዞር ብዬ ሳይ ሴቶቹ ካፖርታቸውን እያወለቁ ነው፤ ከውስጥ ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። እትዬ ሁለት እጄን ጥፍር አድርጋ ያዘችኝ።

«ወንድምሽ ትናንት ማታ አረፈ። ልቡ ነው፤ ሐኪም እንኳን አልደረሰለት።»

መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ። ሰው ሳይሰበሰብ፣ ሐዘንተኛው ሥራ ላይ ሳለ አይነገርም፤ እኔም ስንቱን ደብቄ አርድቻለሁ። ግን ድምፅ እስኪቆጠር የሚያዝ መርዶ ሰምቼ አላውቅም።

«ማን ፈቀደላችሁ?» አልኳት።

«ብንነግርሽ መድረክ ላይ ትወጪ ነበር?»

«አልወጣም ነበራ!»

«ታዲያ የሱ ልፋት ሜዳ ላይ ይቅር? በይ አሁን አልቅሺ። ቀብሩ ነገ ነው፤ ሁሉን ጨርሰናል።»

ጠላኋት። እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም። ሰዉ ከትናንት ጀምሮ ያመቀውን ልቅሶ ለቀቀው፤ እኔ ግን እንባ እምቢ አለኝ፤ በመሃላቸው ተገትሬ ቀረሁ። ይሄኔ ነው አንዲት የፓርቲው ልጅ ካሜራ ይዛ ፈገግ እያለች የደረሰችው።

በማግስቱ ፎቶው ድረ ገጻቸው ላይ ወጣ። ከሥሩ «የደስታ እንባ» የሚል ተጽፎበታል። ወንድሜን አፈር ስናለብስ ሰዉ እዚያ ፎቶው ሥር «እንኳን ደስ ያለሽ» እያለ ሲጽፍበት ዋለ።