ጋቢ የለበሰው የዓሣ ገንዳ

ታላቅ ወንድሜ እንጅባራ ውስጥ የባዮሎጂ መምህር ነው። እናታችን የለመለመ ጎመኗን ከሰው ዓይን ለመሰወር በማዳበሪያ ጆንያ ስትጋርደው አይቶ፣ «እማዬ፣ ተክል የሚገድለው የብርሃን እጦት እንጂ ዓይን አይደለም» እያለ ግማሽ ቀን ሰበካት።

ይኸው ሊቅ ሳሎኑ ውስጥ በመስታወት ገንዳ ዓሣ ያረባል። ውሃው ውስጥ የተከላቸው ተክሎች ቢጫ ሲሆኑበት ከላያቸው መብራት ሰቀለ፤ የሞተውን ቅጠል በመቀስ እየለቀመ ተንከባከባቸው። እውነትም ለመለሙ። አንድ ቀን ጎረቤቱ መጥታ «ውይ ሲያምር!» አለችና «እትፍ እትፍ» ሳትል ወጣች። ሴትዮዋ ገና ከደጁ ሳትርቅ መምህሩ መብራቱን አጥፍቶ ገንዳውን በጋቢ ጠቀለለው።

ቅጠሉ መገርጣት ሲጀምር ደግሞ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሌላ ጋቢ ደረበበት!

በመጨረሻ ተክሉ ሁሉ በስብሶ ቤቱ ሸተተ። «አየህ? ዓይኗ እኮ ነው!» አለኝ፣ አፍንጫውን ይዞ።

ያን ሰሞን ግን ዓሣዎቹን ሊያበላ ጋቢውን ገለጥ እያደረገ ወደ ውስጥ ያየ ዓይን ቢኖር የራሱ ብቻ ነው።