የአያቴ ተረት የት ገባ?

ልጅ ሳለሁ አንድ ሰው በገዛ አካሉ ውስጥ ተዘግቶበት አይቻለሁ። ነገሩን ልንገራችሁ፤ ጊዜያችሁን የሚያስቆጭ ወሬ አይደለም፣ እኔም እስከ ዛሬ ያልወጣሁበት ነው።

ያኔ ቤታችን ደሴ፣ ከሰኞ ገበያ በላይ ባለው አቀበት ላይ ነበር። መብራት በጠፋ ምሽት አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ የከሰሉን ማንደጃ ወደ እግራቸው ስበው፣ የሻማው ብርሃን ግማሽ ፊታቸውን ብቻ እያሳየ፣ ከትውልድ አገራቸው ከቢስቲማ ይዘውት የመጡትን ተረት ያወጉን ነበር። ጅብ እህል ጉድጓድ ውስጥ ይወድቅና በዚያ የምታልፈውን አህያ «እህቴ፣ ጅራትሽን አውርጂልኝ፣ ይዤው ልውጣ» ይላታል። እዚህ ላይ አያቴ ዝም ይላሉ። የአህያዋን መልስ የምንጮኸው እኛ ልጆቹ ነን፦ «መጀመሪያ ጥርስህን ወርውርልኝ።» ከዚያ በኋላ ሳቅ ነው፤ እርሳቸውም ከኛ እኩል ይስቁ ነበር።

አንድ ክረምት አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሰሰ። ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፤ ከአፋቸው የሚወጣው «እ… እ…» ብቻ ነበር። ሰላም ሲሏቸው ዐይናቸው ጣሪያው ላይ ይቀራል። ቀስ በቀስ የቤቱ ሰው እንደሌሉ ቆጥሮ በላያቸው ላይ ማውራት ጀመረ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የነበረው አጎቴ ሰይድ አንድ ቅዳሜ መጥቶ፣ አልጋቸው ከሳሎን ወደ ኋላ ክፍል ይግባ አለ፤ እንግዳ ይመጣል፣ ሽታም አለ፣ ለእርሳቸው እንደሁ ሁሉም አንድ ነው እያለ። ያ ክፍል መስኮት የለውም። እናቴ ታላቅ እህቱ ናትና፣ ሩሓቸው፣ ነፍሳቸው እኮ እንዳለች ናት፣ የአላህ አደራ ናት ብላ ተከራከረችው። እሱ ግን በሥራው ቋንቋ ነው የመለሰላት።

«ወላሂ እኔም ልጃቸው ነኝ፣ እትዬ። ግን ሰው ማለት ሽቦ ነው። ሽቦው ሲቃጠል መብራቱ የት ሄደ ብለሽ ትጠይቂያለሽ? የትም አልሄደም። ጠፋ፣ በቃ።»

አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ይህን ስሰማ የአያቴን ፊት አየሁ። አያቴ እየሰሙ ቢሆንስ? መልሱ እያላቸው መውጫ አጥተው ቢሆንስ? አጎቴ አልጋውን ሊያነሳ ሲያጎነብስ፣ ምን እንደማደርግ ሳላውቅ ተረቱን ጀመርኩ። አህያዋ ጋ ስደርስ ግን መልሷን ማለት አቃተኝ። ያን ቀን ማንም ጉድጓድ ውስጥ እንዲቀር አልፈለግሁም፣ ጅብም ቢሆን። «እሺ ብላ ጅራቷን አወረደችለት» አልኩ።

የአያቴ ግራ እጅ ከብርድ ልብሱ ወጣ። ቀስ ብሎ ወደ ፊታቸው ሄደ፣ አገጫቸው ላይ ስቶ እንደገና ተነሳ፣ ከዚያ ጣታቸው የፊት ጥርሳቸውን መታ መታ አደረገ። ዐይናቸው እኔ ላይ ነበር፤ የቁጣ ዐይን።

አጎቴ ነርቭ ነው፣ ዝም ብሎ የሚንቀሳቀስ ነው አለ። እናቴም «እንግዲያው ነርቭህ ተረት ያውቃል» አለችው። እሱም አልጋውን ማንሳቱን ትቶ ከጎናቸው ተቀመጠና፣ ፊቱን ከኛ አዙሮ፣ «አባ፣ ጥርሱን ነው?» አላቸው። ጣታቸው እንደገና ጥርሳቸውን ነካ። አልጋው ሳሎን ቀረ። አያቴ ግን አንድ ቃል ሳይወጣቸው ነው ያለፉት።

ከዚያ ወዲህ ስለ አንጎል ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ አስተማሪ የለኝም፣ ስልኬና ጥቂት አሮጌ መጻሕፍት ናቸው ያሉኝ። የገባኝ እንዲህ ነው፦ ንግግርን የሚያወጣው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ፣ የሚረዳው ክፍል ሊተርፍ ይችላል። ስለዚህ አጎቴ ግማሹን ልክ ነበር፤ በሩን የዘጋባቸው ደም ነው፣ ሥጋ ነው። ግን እስቲ አስቡት። ሽቦ ይግላል፣ ይበርዳል፣ ይበጠሳል እንጂ አይሳሳትም። ያ ጅብ የትም አልኖረም፣ አህያዋም አልተወለደችም፤ ታዲያ አያቴ «ተሳስተሃል» ያሉኝ ከምን ጋር አስተያይተው ነው? ስሕተቴስ ሥጋ ከሆነ ስንት ይመዝናል? ሁሉም ሥጋ ነው ስል ያ የቁጣ ዐይን ይይዘኛል፤ አይደለም ስል ደግሞ ያ ደም መንገዴን ይዘጋብኛል። በሁለቱ መካከል ቀርቻለሁ።

እናንተም ቤት ዝም ያሉ አዛውንት ካሉ፣ ስለ እርሳቸው ከማውራታችሁ በፊት ዛሬ ከጎናቸው ተቀመጡ። ድሮ የነገሯችሁን ተረት መልሳችሁ ንገሯቸው፣ አንድ ቦታ ላይ አበላሹት፣ ከዚያም ጠብቁ። አትቸኩሉ፤ ከውስጥ እስከ በሩ ያለው መንገድ ረጅም ነው።