ጨዉ የገባበት

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ ጦርነቱ ወደ ላስታ ገና ሳይዘልቅ፣ መንገዱን ሽፍታና የቀበሌ ጥበቃ ተካፍለው በያዙበት ዘመን። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩትም። እንዳልናገር ያስማሉኝ ሰው ዘንድሮ ስላረፉ ነው አሁን የምጽፈው። ላሊበላ ውስጥ በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው አቁማችሁ ስለ ነጋዴው ስለ ምስጋናው ብትጠይቁት፣ "እ! የታቦት ጨው የደበቀው?" ይላችኋል። ይህን በሰማሁ ቁጥር አንጀቴ ያርራል፤ ጨዉ የት እንደገባ አውቃለሁና።

አያ ምስጋናው ሱቅ ነበራቸው። ጨው፣ አቡጀዴ፣ ላምባ፣ መርፌና ክር ይሸጣሉ። እኔ ተቀጣሪያቸው ነበርኩ፤ እመዝናለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ ማታ በሩን እዘጋለሁ። ባለቤታቸው ቀደም ብለው አርፈዋል። ያላቸው አንድ ልጅ ሲሳይ ነው፤ ሳቂታ ጎረምሳ፣ ከእኔ ጥቂት የሚያንስ።

ስለ እኔ ደግሞ ፈሪ መሆኔን እወቁልኝ። ይህን የምለው ለትሕትና አይደለም። ውሻ ከጮኸ በሌላ መንገድ ዞሬ የምሄድ፣ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ስሜ ሲጠራ ሰው ኋላ የምደበቅ ሰው ነበርኩ። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ ይስቅብኛልም።

አንድ ጊዜ ሲሳይ ብልባላ ገበያ ሄዶ ሳይመለስ ቀረ። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ስንል አንዲት ጌሾ ሻጭ ሴትዮ ሱቁ ገባች። ጨው ስጡኝ አለች። ልመዝንላት ስል የሚዛኑ ሰሃን ላይ የተበጠሰ ማተብ አስቀመጠች። የብር መስቀሉ ጫፉ የተቆረጠ ነው። አያ ምስጋናው ሲያዩት ባንኮኒውን ያዙ። የሲሳይ ነበር።

"ልጁ ደህና ነው" አለች ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ። "ሽፍቶቹ ያለዎትን ጨው በሙሉ፣ አቡጀዴውንና በቅሎዎን ይላኩ ብለዋል። ብር አንፈልግም፣ ብር ይዘን የት ገበያ እንወጣለን ብለዋል። ይምርሐነ ክርስቶስ ሳይደርሱ ጥዱ ውስጥ፣ ምንጩ ጋ። የታጠቀ ሰው ካዩ ልጁን አያገኙትም። እኔን አይቆጡኝ አባቴ፤ የእኔም ወንድም እነሱ እጅ ነው ያለ።"

ጨዉንም ሳትወስድ ወጣች።

አቤት የሚባልበት ቦታ አልነበረም። ለቀበሌ ቢናገሩ ታጣቂ ይወጣል፣ ልጁ ይሞታል። ሳይናገሩ ቢልኩ ለሽፍታ ስንቅ አቀበለ ተብለው እሳቸው ይሞታሉ፤ እኔም አብሬ። ስለዚህ ልጁ የት ሄደ ለሚል ሁሉ "አሞት ጠበል ገባ" አሉ።

እንግዲህ የእኛ አገር ሰው ታሟል ሲባል ዝም አይልም። ጎረቤቱ እየተከታተለ መጣ። በሶ ያመጣ አለ፣ ማር ያመጣ አለ። ሴቶቹ "ምኑን ነው ያመመው?" ይሏቸዋል። "ራሱን" ይላሉ። "እግዜር ይማርልዎ" ይሏቸዋል፤ "አሜን" ይላሉ። ለሌለው በሽታ ቀኑን ሙሉ አሜን ሲሉ ውለው፣ ላለው ጭንቀት አንድ የሚያጽናናቸው አላገኙም። ሰው በሞላበት ቤት እንዲያ ብቻውን የሆነ ሰው አይቼ አላውቅም።

ሰው ሲወጣላቸው ወደ ጓዳ ጠሩኝ።

"አበጀ፣ አንተ ውሰድልኝ" አሉ።

"እኔ? ኧረ አያ፣ እኔን እኮ ያውቁኛል።"

"አውቅሃለሁ። ስለማውቅህ ነው። ጥላውን የሚሸሽ ሰው ሽፍታ ጋ ሄደ ብሎ ማን ይጠረጥራል?"

ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ቀና ስል እንባቸው በጢማቸው ይወርዳል። "ሌላ ሰው የለኝም" አሉኝ። እምቢ የሚለውን ቃል አፌ ላይ አድርሼ ነበር፤ ዋጥኩት።

ሰው ልጁ ታሟል ብሎ ካመነ፣ ጭነቱም ስለት ይሁን አልን። ጨዉ ለይምርሐነ ክርስቶስ ዝክር፣ አቡጀዴው ለመጋረጃ፣ በቅሎዋም ለቤተ ክርስቲያን። ጎረቤት ስለት መሆኑን ሲሰማ አህዮቹን አዋሰን፤ ጠዋት ሲያስጭነኝም እየመረቀ ነበር።

ከከተማው መውጫ የቀበሌው ጥበቃ አስቆመኝ። የማውቀው ልጅ ነው፣ ሱቃችን ላምባ ይገዛል። ጆንያውን በጠመንጃው አፈሙዝ ወጋ ወጋ አደረገው።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ስለት ነው። የሲሳይ።"

"ምን ያንቀጠቅጥሃል?"

"ብርዱ ነው።"

"ፀሐይ ወጥቶ?"

"እኔን ቶሎ አይለቀኝም" አልኩት። ይህንንም የተናገርኩት እኔ መሆኔን እጠራጠራለሁ።

ወዲያና ወዲህ አየና ጠጋ አለኝ። "እንግዲያ ለእኔም ልጅ አሳስብልኝ" አለ በሹክሹክታ። "ትኩሳት አልለቅ ብሏታል። የክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ነው።" ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ "እለፍ!" አለ።

የባሰ የፈራሁት ካለፍኩ በኋላ ነው። ሽፍታውን ፈርቼ፣ ጥበቃውን ፈርቼ፣ አሁን ደግሞ ታቦቱን ጨመርኩበት። በስለት ስም ዋሽቻለሁ፤ በዚያ ላይ የታመመች ሕፃን ስም ተቀብያለሁ። ሽቅቡን እያሰብኩ ወጣሁና አንድ ብልሃት መጣልኝ። የውሸቱን ስለት በእውነተኛ ስለት ላካክሰው አልኩ። አህዮቹን አቁሜ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ዞሬ ተሳልኩ፦ የሲሳይን እጅ እስክይዝ ድረስ እህል አልቀምስም። ቀለል አለኝ። እንዲያውም ከጠዋት ጀምሮ ምንም ስላልበላሁ ርካሽ ስለት መስሎኝ ነበር።

ጥዱ ውስጥ ስገባ ከየግንዱ ኋላ ሰዎች ወጡ። አለቃቸው ጢሙ የሸበተ፣ አነጋገሩ ቀስ ያለ ሰው ነው። ጆንያውን አስፈታና ጨዉን በጣቱ ነክቶ ቀመሰ። አቡጀዴውን ዳሰሰ፣ የበቅሎዋን ጥርስ አየ። ሲሳይ ምንጩ አጠገብ ተቀምጧል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ አንገቱ ባዶ ነው። አየኝና ፈገግ ሊል ሞከረ።

"ጌታህ ቃሉን ጠብቋል" አለ አለቃው። "ተቀመጥ። እንብላ።"

የገብስ ቂጣ በበርበሬ ቀረበ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልበላም" አልኩ።

ሁሉም እጃቸውን ከሰፌዱ መለሱ። እኛ አገር ሁለት ወገን ሲስማማ አብሮ ይበላል፤ ያልበላ ሰው ቂም ይዟል ማለት ነው። ይህን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ስሳል ግን ሽፍታ ምሳ ይጋብዘኛል ብዬ እንዴት ላስብ?

"ለምን?" አለኝ።

"ስለት አለብኝ። የልጁን እጅ እስክይዝ እህል አልቀምስም ብያለሁ።"

"እኔ ደግሞ እህሌን ላልቀመሰ ሰው ልጁን አልሰጥም። ሳይበላ የሚሄድ ሰው ታጣቂ አስከትሎ ነው የሚመለስ። ብላና ውሰደው።"

"ይስጡኝና ልብላ።"

"ብላና ልስጥህ።"

አሁን ሲያወሩት ያስቃል። ያን ጊዜ ግን አንደኛው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። እናንተም ምናለ ብትጎርስ ትሉኝ ይሆናል። የይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ከዚያ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ደጁ ላይ ሆኜ ስለቴን ባፈርስ ሲሳይ ቤቱ ሳይደርስ መንገድ ላይ የሚቀርብኝ መሰለኝ። ፈሪ ሰው ከሚፈራቸው ሁሉ የባሰውን ለይቶ መፍራት አለበት። እኔ ከጠመንጃው ይልቅ ታቦቱን ፈራሁ። ዓይኔን ጨፍኜ አንገቴን ደፋሁ።

"እጄን እስክትይዝ ነው ያልከው?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሲሳይ ነው።

"አዎ።"

ማንንም ሳያስፈቅድ ተነሳ። "ቁጭ በል!" ብለው ጮኹበት፤ አልሰማም። ከሰፌዱ ላይ ቂጣ አነሳ፣ ለሁለት ቆረሰው፣ አጠገቤ ተቀመጠና እጁን እጄ ውስጥ ከተተው። እጁ እንደ ምንጩ ውሃ ይቀዘቅዛል።

"ይኸው ያዝከኝ" አለኝ። "ብላ።"

በላን። ቂጣው አልወርድ እያለኝ፣ እንባዬ ከበርበሬው ጋር እየተቀላቀለ በላሁ። አለቃው ብዙ ካየን በኋላ እሱም ቆርሶ ጎረሰ። "ሂዱ፣ ሳይመሽባችሁ" ብሎ ወደ ጨዉ ዞረ።

ባዶ አህዮች እየነዳን በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድን። የጥበቃውን የታመመች ልጅ ስም ለካህናቱ ነገርኩ። አደራ ነዋ። የሲሳይንም ስም አስጠራሁ። እዚያው ግቢ አደርን። ካህናቱ ምንም ሳንይዝ ቢያዩንም ማደሪያ ሰጡን።

በማግስቱ ሱቁ ስንደርስ በገዢ ተሞልቷል። አያ ምስጋናው ልጃቸውን በር ላይ ሲያዩት እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ሰው ሁሉ ያያቸዋል። ዘለው ሊያቅፉት፣ ሊጮኹ፣ መሬት ሊስሙ ይችሉ ነበር። አንዱንም አላደረጉ።

"ጠበሉ ተስማማህ?" አሉት።

"ተስማማኝ አባዬ።"

"እንኳን እግዜር ማረህ!" አለ ሕዝቡ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ከዚያ ጓዳ ገብተው ማተቡን መልሰው ሲያስሩለት አየሁ። ግድግዳው ስስ ነው፤ ከወዲያ ሰው ይሰማል። ከንፈራቸውን ነክሰው ነበር የሚያለቅሱት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ትንሽ ቆይቶ የይምርሐነ ክርስቶስ ካህናት ለገበያ ሲመጡ ሰው "ስለቱ ደረሳችሁ?" አላቸው። እነሱም እውነቱን ተናገሩ፦ ጨውም አቡጀዴም በቅሎም አልመጣልንም። በዚያን ጊዜ ጨው እንደ ልብ አይገኝም። ምስጋናው በታቦት ስም ጨው አሽሽቶ ደበቀ፣ ሊያስወድደው ነው ተባለ። ቀበሌ ቤቱን ፈተሸ፣ ምንም አላገኘም። አሰሯቸው፣ አንድ ቃል አልወጣቸውም። እኔንም ጠየቁኝ፤ "ሽፍታ ቀማኝ" ብል ያኔውኑ ለምን አልተናገርክም ይሉኛል፤ "አህዮቹ ገደል ገቡ" እንዳልል አህዮቹ ባለቤታቸው ቤት ቆመዋል። አላውቅም አልኩ።

ሲፈቱም ሰላምታ የሚሰጣቸው አጡ። ከጽዋ ማኅበራቸው ይውጡ ተባሉ። የማኅበሩ ቀን ሲደርስ ሱቁ በር ላይ ተቀምጠው ሰው ሁሉ ነጠላውን አጣፍቶ ሲያልፍ ያያሉ። ሱቁም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ፤ እኔም ሌላ ሥራ ያዝኩ። የጥበቃው ልጅ ድናለች። አባቷ ግን መንገድ ላይ ሲያገኘን ፊቱን ያዞር ነበር።

ደርግ ሲወድቅ ሮጬ ቤታቸው ሄድኩ። "አያ፣ አሁን እንናገር። ማን ያስረናል?" አልኳቸው።

"ተው አበጀ" አሉኝ። "በስለት ስም ዋሽቻለሁ። ልጄን አግኝቻለሁ። ሰው የሚለኝን መቀበል ንስሐዬ ነው። ከቀበርከኝ በኋላ እንዳሻህ።" መስቀል አስመትተውም አስማሉኝ። ዕድሜ ሰጣቸውና ያን ስም ተሸክመው ሸመገሉ።

ዘንድሮ ስንቀብራቸው የመጣው ሰው ጥቂት ነበር። ሙሾ አውራጇ ለሟች የምትለው አጥታ ስለ ደጉ አባታቸው ስታነሳ ዋለች። ድንኳኑ ውስጥ ከሰው ራቅ ብዬ ተቀምጫለሁ፤ በቀረበልኝም እህል እጄን አልሰደድኩም። ሲሳይ ከደሴ መጥቷል፤ ፀጉሩ ሸብቷል። አየኝና ዳቦ ይዞ መጣ። ለሁለት ቆረሰው፣ አጠገቤ ተቀመጠ፣ እጁን እጄ ውስጥ ከተተው።

"ይኸው ያዝከኝ" አለ። "ብላ።"

ሁለት ሽማግሌዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ዳቦ ሲበሉ ሰው ገርሞት ያየን ነበር። የገባው አልነበረም።

አሁን ስጽፈው ደስታ አይሰማኝም፤ ቅር ይለኛል። በሕይወት እያሉ አንድ ሰው እንኳ ቤታቸው ገብቶ "እንኳን ልጅዎን አገኙት" ሳይላቸው ሄዱ። እኔም ብሆን ድምፄን ከፍ አድርጌ አላልኳቸውም። የአገሬ ሰዎች፣ ጨዉ አልተደበቀም። በየቀኑ በፊታችሁ ያልፍ ነበር፤ "እንኳን እግዜር ማረህ" ብላችሁታል።