ሰንበት ሳይገባ የተተኮሱ እንስራዎች

ሸክላ ሠሪ ነበርኩ። ባሌ ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ በዚያ ዘመን ንጉሡ ጋፋት ላይ ባቋቋሙት የብረት መሥሪያ ሲቀጠቅጥ ይውልና ለዓይን ያዝ ሲል ይመለሳል። እኛ ቤተ እስራኤል ነን። መንደራችን ከደብረ ታቦር ቁልቁል ወንዝ አጠገብ ነበረች፤ በውሃ መንጻት ሕጋችን ነውና መታጠቢያ ውሃ ከራቀው ቦታ አንሰፍርም።

አዲስ ሙሽራ ሳለሁ፣ ገበያ ላይ ሰው «ቡዳ» እያለ ሲሸሸኝ አንገቴን እደፋ ነበር። አንድ ቀን የባሌ አባት ጭቃ እየረገጥኩ ሳለቅስ አገኙኝ። የመንደራችን ቄስ ናቸው፤ ከጸሎት ሲወጡ ግን ማረሻ ይሠራሉ።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ይህ ሥራ አዋረደኝ፣ አባባ።»

«እስቲ ንገሪኝ፤ በኦሪት መጀመሪያ ከአፈር ሰው ያበጀ ማን ነው?»

«እግዚአብሔር ነዋ።»

«እሱ ያልተጸየፈውን አፈር ለመጸየፍ አንቺ ምን ቤት ነሽ?» ብለው ሳቁ። ቀጥለውም፣ በምድረ በዳ የእግዚአብሔር ድንኳን ሲሠራ መንፈስ የሞላበት ሰው የጦር አለቃ ሳይሆን የእጅ ባለሙያ እንደነበር አጫወቱኝ። «‹ጠይብ› ብለው ሲሰድቡን ቃሉን ልብ በይው፤ ጥበብ አለበት» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ጭቃ ስረግጥ አዜም ጀመር። ድምፄ አያምርም፤ ጎረቤት ሁሉ ይመሰክራል።

በአንድ የጥር ወር፣ ሐሙስ ቀን፣ የአንድ የጦር አለቃ ሚስት በበቅሎ መጣች። ለልጇ ሠርግ ወደ ጋይንት ልትሄድ ነው፤ እንስራ የጫነች አህያዋ ገደል ገብታ ዕቃው እንክትክት ብሏል። እኔ ደግሞ ሠርቼ ያደረቅኳቸው፣ በእሳት መተኮስ ብቻ የቀራቸው አሥር እንስራዎች ነበሩኝ።

«ሁሉንም እወስዳለሁ» አለች ከበቅሎዋ ሳትወርድ። «ሁለት ጠገራ ብር እከፍላለሁ። ቅዳሜ ተኩሰሽ እሑድ ጎህ ሲቀድ ታስረክቢኛለሽ።»

ሁለት ጠገራ ብር! ልቤ ዘለለ። አፌ ግን «ቅዳሜ እሳት አንነካም፣ እመቤቴ» አለ።

«እንግዲያው ሌላ ሠሪ እፈልጋለሁ።»

አባባ ከወናፋቸው አጠገብ ሆነው ይሰሙ ኖሮ ቀና አሉ። «ልጄ፣ ኦሪት ሰባተኛውን ቀን ዕረፉ ብቻ አይልም፤ ስድስቱን ቀን ሥሩም ይላል። ዓርብ ምን በድሎሽ ነው የተውሽው?»

ሴትዮዋ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። «ዓርብ እተኩሳለሁ፣ እሑድ ጧት ይምጡ» አልኳት።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ኩበትና እንጨት መደርደር ጀመርኩ። አሥር እንስራ ለአንድ ሰው ብዙ ነው። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት እሳቱ ነዶ ማለቅ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም። ብቻዬን ስጣደፍ ያየችኝ ጎረቤቴ መጣች። ከዓመት በፊት ባሏ የሞተባት፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ መንደሩ በሚሰጣት እህል የምትኖር ሴት ናት።

«ኩበቱን እንዲህ ካጠጋጋሽው ነበልባሉ አንድ ጎኑን ይመታዋል» ብላ ቀሚሷን ሰብስባ ገባችበት። በዓመቱ ውስጥ ያን ያህል ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ቀትር ላይ ባሌ ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ እንጨት ተሸክሞ ደረሰ። ስንሮጥ፣ ስንጯጯህ፣ በጢስ ስናነባ ዋልን። ነበልባሉ ሲተኛ ፀሐይዋ ገና ከኮረብታው አንድ ክንድ ከፍ ብላ ነበር። ሴቶቹ ጥላሸታችንን እንደያዝን ወንዝ ገብተን ታጥበን፣ ነጭ ለብሰን ሰንበትን ተቀበልን።

ቅዳሜ በጸሎት ቤቱ ቅጥር ተቀምጬ የሰንበቱን ዳቦ ስቆርስ እንስራዎቹ አመዱ ውስጥ ናቸው። ተሰንጥቀው ይሆን? ማየት አልችልም። መጀመሪያ ጨነቀኝ። ኋላ ግን ከትከሻዬ አንድ ነገር ወረደ፤ የእኔ ድርሻ ዓርብ አልቋል፣ የቀረው የእግዚአብሔር ነው። እንደዚያ ቀን ያረፍኩበት ሰንበት አላስታውስም።

እሑድ ጧት አመዱን ገለጥን። እያንዳንዱን በጣቴ መታሁት፤ ዘጠኙ እንደ ደወል አስተጋቡ። አሥረኛው ግን ድምፁ የታፈነ ነው። ስንጥቁ ለዓይን አይታይም። ሴትዮዋ ስትደርስ «ይህኛው ውስጡ ተሰንጥቋል፤ ጋይንት ሳይደርስ ይከዳዎታል» ብዬ ለየሁላት።

«ባትነግሪኝ አላውቅም ነበር» አለች። ስለ መንጻት ሕጋችን ከሌላ ሃይማኖት ሰው እጅ በእጅ እንደማንቀበል ታውቃለችና፣ ብሮቹን ውሃ ያለበት ገበቴ ውስጥ ጣለቻቸው። ሁለቱንም፤ ምንም ሳትቀንስ።

አባባ «መጀመሪያ አሥራቱን» አሉኝ። ብሩን በአሞሌ ጨውና በእህል መነዘርኩና የአሥራቱን ገብስ ይዤ ወደዚያች ጎረቤቴ ሄድኩ።

«ይህ የአንቺ ነው፣ እታለም።»

ገብሱን አየችው፤ እኔን አየችኝ። «እግዜር ይስጥልኝ። የሰው እህል ስበላ ግን ዓመት ሆነኝ። ዓርብ ዕለት ነፍሴ ተመለሰች። ሥራ ስጪኝ።»

አፍሬ መጥቼ ለአባባ ነገርኳቸው። ፊታቸው በራ። «ኦሪትስ ወንድምህ ሲደኸይ እጁን አጽናው አይደል የሚለው? እጁን ሙላው ብቻ አላለም። ገብሱን ለደካሞቹ አድርሺ፤ እሷን ግን አጠገብሽ አስቀምጫት።»

አስቀመጥኳት። በወር ውስጥ ማሰሮዋ ከእኔ ማሰሮ በለጠ፤ ቀናሁ፣ ከዚያም ተማርኩባት። ማክሰኞ ማክሰኞ ጭነታችንን በጀርባችን አዝለን፣ እሷ በዋጋ እየተከራከረች፣ እኔ በዚያ በማያምር ድምፄ እያዜምኩ ገበያ እንወጣ ነበር። በዓመቱ ከራሷ ድካም የወጣ አሥራት ተሸክማ፣ አንዲት ቁና ጤፍ፣ ወደ ጸሎት ቤቱ ደጃፍ መጣች። አባባ ሲባርኩላት እልል አለች። መንደሩ ሁሉ ምን ተገኘ ብሎ ወጣ።

«ሰጠሁ!» አለቻቸው። «እኔም ሰጠሁ!»